ታሪኩ የባለቤቱ ነው

(በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሚኒ ሚዲያና ለፀረ ኤድስ ክበባት አባላት ካደረግሁት ንግግር ለመጽሔቱ የተዘጋጀ)



ተወካዮቻችሁ ቢሮዬ ድረስ መጥተው ሲያነጋግሩኝ አንድ ነገር ግልጽ አድርገውልኛል። "ስለ ኤች.አይ.ቪ መተላለፊያና መከላከያ መንገዶች ከታች ክፍል ጀምሮ ተምረናል፤ ፈተና ላይም መጥቶልናል። እባክዎን ሌላ ነገር ይንገሩን" ነው ያሉኝ። ሳቄ ቢመጣም እውነታቸውን ነው። መንገዶቹን መሸምደድና ነገሩን ማወቅ ለየቅል ናቸው።

እኔ በሙያዬ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምውለው ሰው በማዳመጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ማዳመጥ ነው። የሰዎችን እውነተኛ ታሪክ በራሳቸው ድምፅ ስለሚያሰሙ የሬዲዮ ዶክመንተሪዎች፣ በተለይም በዕድሜ ከእናንተ ብዙም የማትርቅ አንዲት ደቡብ አፍሪካዊት ወጣት ስለሠራችው ዝግጅት እነግራችኋለሁ። በመጨረሻም እናንተ በሚኒ ሚዲያችሁ ይህንን ብትሞክሩ ከምን መጠንቀቅ እንዳለባችሁ እንነጋገራለን።

ድራማ ሌላ፣ እውነተኛ ታሪክ ሌላ

እኛ ኢትዮጵያውያን ከሬዲዮ ጋር የቆየ ፍቅር አለን። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ሲተርክ ቤተሰቡ ሁሉ እንዴት ጸጥ ብሎ ያዳምጥ እንደነበር ወላጆቻችሁ ሳያጫውቷችሁ አይቀሩም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ደግሞ "የቀን ቅኝት" የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በ257 ክፍሎች ተላልፏል። ስለ ኤች.አይ.ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ጠለፋ ጋብቻ ብዙ ሰው ያወያየ ድራማ ነበር።

ድራማ ጥሩ አስተማሪ ነው። ይሁን እንጂ ድራማ ሲያልቅ አድማጩ በልቡ የሚላት አንዲት ነገር አለች። "ይሄ እኮ ድራማ ነው" ይላል። ተዋናዩ ታሞ ቢሞትም ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን እንደሚበላ እናውቃለን።

የድምፅ ዶክመንተሪ የምንለው ግን ይህንን ማምለጫ አይሰጠንም። ዘጋቢ ፊልም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እስቲ ምስሉን አንሡና ድምፁን ብቻ አስቀሩት። የሚናገረው ሰው በእውነት ያለ ሰው ነው። ሲያለቅስ እንዲያለቅስ ተነግሮት አይደለም። ሲስቅም እንደዚሁ። ከበስተጀርባ የሚሰማው የሕፃን ልቅሶና የጎረቤት ጭቅጭቅ ለማጀቢያ ተብሎ የገባ አይደለም።

በነገራችን ላይ አገራችንም በዚህ ባዶዋን አልቀረችም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ "ቤተኛ" በተሰኘ የሬዲዮ ፕሮግራም ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖቻችን የየዕለት ኑሯቸውን፣ ፍርሃታቸውንና ተስፋቸውን በራሳቸው ድምፅ ያካፍሉ ነበር። ስያሜው ራሱ ብዙ ይናገራል። ቤተኛ ማለት እንግዳ ያልሆነ፣ የቤት ሰው ማለት ነው።

መቅረጫው ወደ ሰው ሲሄድ

በድሮ ጊዜ የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ እንደ ልብ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ባለ ታሪኩ ይናገራል፣ ጋዜጠኛው ይጽፋል፣ በመጨረሻ ተዋናይ ስቱዲዮ ገብቶ ያነበዋል። መሣሪያው እያነሰና እየቀለለ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ።

እ.ኤ.አ. በ1957 በእንግሊዝ አገር ጆን አክሰን የተባለ የባቡር ነጂ ነበር። የሚነዳው ባቡር የእንፋሎት ቧንቧው ፈንድቶ ፍሬኑ አልይዝ ሲል ዘሎ መውረድ እየቻለ ሊያቆመው ሲታገል ሕይወቱ አለፈ። በቀጣዩ ዓመት በቢቢሲ ስለ እሱ አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ተሠራ። አዘጋጁ ቻርልስ ፓርከርና ሙዚቀኞቹ ኢዋን ማኮልና ፔጊ ሲገር ነበሩ። የባቡር ሠራተኞቹንና የሟቹን ባለቤት ድምፅ በመቅረጫ ይዘው ሲመለሱ ቁጭ ብለው ሰሙት። ከዚያም ይህንን ንግግር ማንም ተዋናይ ሊተካው እንደማይችል ገባቸውና ዝግጅቱን በእነዚያው ሰዎች ድምፅና በዘፈን ሠሩት።

ቀጣዩ እርምጃ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ደፋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ዴቭ አይሴ የተባለ አሜሪካዊ የሬዲዮ ባለሙያ ቺካጎ ውስጥ በድህነትና በወንጀል በሚታወቅ ሰፈር ለሚኖሩ ሁለት ልጆች መቅረጫ ሰጣቸው። ሊአላን ጆንስ 13፣ ሎይድ ኒውማን ደግሞ 14 ዓመታቸው ነበር። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የምትበልጧቸው ልጆች ናቸው! ልጆቹ ለጥቂት ቀናት ቤታቸውን፣ ሰፈራቸውንና ትምህርት ቤታቸውን እየዞሩ ቀረጹ። እናቱ የሞተችበት ሎይድ አባቱን ስለ መጠጥ ሱሱ ፊት ለፊት ጠየቀው። ልብ በሉ፤ ይህን ጥያቄ ሌላ ጋዜጠኛ ቢጠይቀው መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስለዚያ ሰፈር የሚያወሩት ፖሊሶችና ፖለቲከኞች ነበሩ። አሁን ግን የሰፈሩ ልጆች ራሳቸው ተናገሩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ጆ ሪችማን የተባለ ሌላ ባለሙያ "ሬዲዮ ዳያሪስ" ማለትም የሬዲዮ ማስታወሻ ደብተር የተባለውን ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ለወጣቱ መቅረጫ ትሰጠዋለህ፣ አጠቃቀሙን ታሳየዋለህ፣ ከዚያም ለወራት ትተወዋለህ። ደብተር ላይ የሚጻፈውን ማስታወሻ እሱ በድምፁ ይይዘዋል። ወደ ዋናው ታሪኬ የሚያደርሰኝም ይኸው ሰው ነው።

የቴምቢ ማስታወሻ

ኬፕታውን ከተማ ዳርቻ ካየሊቻ የሚባል ትልቅ ሰፈር አለ። ስሙ በቆሳ ቋንቋ "አዲስ ቤት" ማለት ነው። ይህ ሰፈር ዘረኛው የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮችን ከከተማው አርቆ ያሰፈረበት ነው። ቴምቢ ንጉባኔ እዚያ በቆርቆሮ በተሠራች ደሳሳ ቤት ትኖር ነበር። ጆ ሪችማን እ.ኤ.አ. በ2004 መቅረጫውን ሲሰጣት 19 ዓመቷ ነበር። ቫይረሱ በደሟ ይገኝ ነበር።

ጊዜውን አስታውሱልኝ። በዚያን ዘመን የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ታቦ ምቤኪ ኤድስ በኤች.አይ.ቪ እንደሚመጣ በአደባባይ ይጠራጠሩ ነበር። መንግሥታቸውም መድኃኒቱን ለሕዝብ ለማዳረስ አመነታ። ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን የሚከላከለው መድኃኒት እንዲሰጥ እንኳ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2002 ማዘዝ ነበረበት። ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በመንግሥት ሆስፒታሎች በስፋት መሰጠት የጀመረው በ2004 ነው። እንግዲህ ቴምቢ መቅረጫውን የጨበጠችው አገር ሁሉ በሚከራከርበት፣ የታመመው ግን ድምፁን አጥፍቶ በሚሞትበት ሰዓት ነበር።

ቴምቢ አንድ ዓመት ያህል ቀረጸች። ወደ 50 ሰዓት የሚጠጋ ድምፅ ተሰበሰበ። ከዚያ ውስጥ ተመርጦ በ2006 በአሜሪካ ሕዝባዊ ሬዲዮ የተላለፈው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እስቲ አስቡት፤ ሁለት ሙሉ ቀንና ሌሊት ተቀርጾ የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ብቻ!

በዝግጅቱ ውስጥ ምን አለ መሰላችሁ? ጠዋት ስትነሣ መስታወት አውጥታ ራሷን ታያለች። ከዚያም በውስጧ ላለው ቫይረስ ሰላምታ ትሰጣለች። ሳትጋብዘው የገባ እንግዳ እንደሆነ፣ በእሷ ቤት እስከኖረ ድረስ የቤቱን ሕግ ማክበር እንዳለበት፣ ካላስቸገራት እንደማታስቸግረው ትነግረዋለች። ይህን ስሰማ ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ ዕንባዬ መጣ። በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ስለ መገለልና አድሎ ብዙ ገጽ አንብቤያለሁ። አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ቫይረሱን እንደ ክፉ ተከራይ ስትገሥጸው መስማት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌላው ከባድ ክፍል ለአባቷ የነገረችበት ነው። ለረጅም ጊዜ ፈርታ ቆይታለች። መጨረሻ ላይ መቅረጫው እየሠራ ሄዳ ነገረችው። አድማጩም አብሯት ተቀምጦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አባት ምን ይል ይሆን ብሎ ይጠብቃል። ጽሑፍ ቢሆን "ለአባቴ ነገርኩት" ተብሎ በአንድ መስመር ያልፍ ነበር።

ከዚያም ሆስፒታል መመላለሱ፣ የደም ምርመራው፣ መድኃኒት መጀመሩ አለ። ፍቅርም አለ። የወንድ ጓደኛዋም ቫይረሱ በደሙ ያለ ነው። ይቀላለዳሉ፣ ይጨነቃሉ፣ ነገን ያቅዳሉ። ልጅም ወለዱ፤ ሴት ልጃቸው ከቫይረሱ ነፃ ነበረች። ቴምቢ ኤድስን ብቻ ስታወራ አትውልም። መኖር የምትፈልግ ወጣት ናት፤ ያ ነው ልብ የሚነካው።

በ2006 ቴምቢ ወደ አሜሪካ ሄዳ በተለያዩ ከተሞች ታሪኳን ተናገረች። በአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ፊት ሳይቀር ቆማ ተናግራለች። ከካየሊቻ የቆርቆሮ ቤት ተነሥታ!

አሁን የምነግራችሁን ድራማ ቢሆን ኖሮ ደራሲው ሊለውጠው ይችል ነበር። እውነተኛ ታሪክ ነውና አይለወጥም። ቴምቢ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2009 መድኃኒት በተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሞተች። 24 ዓመቷ ነበር።

ይህን ስትሰሙ "ታዲያ መድኃኒቱ ምን ፈየደላት?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መድኃኒቱ ዓመታት ሰጥቷታል፤ ልጅ አሳቅፏታል። የሳንባ ነቀርሳ ግን ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎችን በመግደል በዓለም ቀዳሚው በሽታ ነው። መድኃኒት የተላመደው ዓይነት ደግሞ ያኔ ሕክምናው እጅግ ረጅምና አድካሚ ነበር። ስለዚህ ከቴምቢ ሕይወት የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድ ብቻ ሳይሆን ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ሲያይ ፈጥኖ የነቀርሳ ምርመራ ማድረግ አለበት።

ዛሬ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። በቴምቢ ጊዜ መድኃኒት የሚጀመረው የሰውነት መከላከያ ኃይል በጣም ሲዳከም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ2015 ጀምሮ ማንኛውም ቫይረሱ በደሙ የተገኘ ሰው ወዲያው እንዲጀምር መክሯል። መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የጸና ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው እንደማያስተላልፍም ተረጋግጧል። ቴምቢ ይህንን ዜና ብትሰማ ምን ትል እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ።

ለምን ድምፅ?

እኔ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ ራይት ሚልስ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1959 ያነሣው አንድ ሐሳብ አለ። በአጭሩ ሲቀመጥ የአንድ ሰው የግል ጭንቀትና የሕዝብ ጉዳይ የተያያዙ ናቸው፤ ያንን ማያያዣ ማየት መቻል ደግሞ ትልቅ ችሎታ ነው የሚል ነው።

ቁጥር የሕዝቡን ጉዳይ ያሳየናል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በዓለም ላይ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከኤች.አይ.ቪ ጋር ይኖሩ ነበር። ይህን ቁጥር ስነግራችሁ አንዳችሁም ፊታችሁ አልተለወጠም። አልፈርድባችሁም፤ አርባ ሚሊዮንን ማንም በዓይነ ልቦናው ሊያየው አይችልም። አንዲትን ቴምቢ ግን ማየት ይቻላል። ከእሷ ተነሥታችሁ ወደ ቁጥሩ ስትመለሱ ያው ቁጥር ይከብዳችኋል።

በተለይ ድምፅ ብቻውን ሲሆን አንድ ጥቅም አለው። ምስል ስናይ ቶሎ እንፈርዳለን። ልብሱን፣ ቆዳውን፣ ክሳቱን፣ ቤቱን እናያለን። በድምፅ ግን ሰውየው ጆሮአችን ሥር ቁጭ ብሎ የሚያወጋን ይመስላል። ፊቱን የምንሥለው እኛው ስለሆንን ከምናውቀው ሰው ጋር እናመሳስለዋለን። የእኅታችንን፣ የጓደኛችንን ፊት እንሰጠዋለን። ያኔ "እነሱ" ማለት ያስቸግራል። መገለል ደግሞ የሚጀምረው "እነሱ" ከምትለው ቃል ነው።

ድምፅ ሲጎዳ

እስካሁን የድምፅን ጥሩ ጎን ነው ያወራሁት። አሁን ሌላውን ጎን ካልነገርኳችሁ ግን ግዴታዬን አልተወጣሁም።

እዚያው ደቡብ አፍሪካ ጉጉ ድላሚኒ የምትባል ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1998 የዓለም የኤድስ ቀን ሲከበር ቫይረሱ በደሟ እንደሚገኝ በሬዲዮ ተናገረች። በዚያው ወር ደርባን አጠገብ በምትኖርበት ሰፈር ሰዎች ደብድበው ገደሏት። ሰፈራችንን አዋረድሽ ብለው ነው። አንዲት ሴት እውነት ስለተናገረች ሞተች። ቴምቢ መቅረጫውን ስትቀበል ይህ ከሆነ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። ድፍረቷ ምን ያህል እንደነበር ከዚህ ገምቱ።

በራሴ ሥራ ያጋጠመኝንም ላካፍላችሁ። ትምህርት ቤቱን አልጠቅስም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሚኒ ሚዲያ ስለ ቤተሰቧ ተናገረች። እናቷ ቫይረሱ በደማቸው ይገኛል፤ ልጅቷ የተናገረችው በኩራት ነው፣ እናቷ እንዴት አድርገው እንዳሳደጓት። አዘጋጆቹ ስሟን ቀይረው ነበር። ድምፅ ግን ስም አያስፈልገውም። በምሳ ሰዓት ማን እንደሆነች ያላወቀ አልነበረም። በሳምንቱ ወሬው ሰፈር ደረሰ። እናትየው እንጀራ ጋግረው ይሸጡ ነበርና ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ቀሩ።

እኚህ እናት ቢሮዬ መጡ። ሰው እንዲቀጣላቸው አልጠየቁም። "ልጄ፣ ያንን ድምፅ አጥፉልኝ" ብቻ ነው ያሉት። ከመሣሪያው ላይ ጠፋ። ከሰው ጆሮ ላይ ግን ምን ያጠፋዋል? ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ!

ልጅቷ ውሸት አልተናገረችም። አዘጋጆቹም ክፉ ልጆች አልነበሩም፤ እንዲያውም ለበጎ ነበር። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው። እናትየውን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ልጅቷ የተናገረችው ታሪክ የእሷ ብቻ ሳይሆን የእናቷም ነበር። የአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ ሌላ ሰው አለ።

እናንተስ?

አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ላይ "እንግዲያውስ ቢቀርብን ይሻላል" የሚል ስሜት አያለሁ። እንዲቀርባችሁ አልፈልግም። ዛሬ በአብዛኛው ሰው እጅ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀርጻል። ቴምቢ ያስፈለጋት መሣሪያ እናንተ ኪስ ውስጥ ወይም የአንዳችሁ ወላጅ ዘንድ አለ። ስለዚህ ጥቂት ምክር ልስጣችሁ።

አንደኛ፣ ፈቃድ ጠይቁ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ከመቅረጻችሁ በፊት፣ ቀርጻችሁ ስትጨርሱ፣ እንዲሁም አዘጋጅታችሁ ለባለ ታሪኩ ካሰማችሁት በኋላ። ሰው በንግግር መሐል ልቡ ይከፈትና ያላሰበውን ይናገራል። በማግሥቱ ሲሰማው ሐሳቡን ቢለውጥ መብቱ ነው። "ይቅር" ካለ ይቅር። ለስንት ሰዓት ብትደክሙበትም ይቅር።

ሁለተኛ፣ የማንንም የጤና ሁኔታ የፕሮግራም ማድመቂያ አታድርጉ። ቫይረሱ በደሙ ያለ ተማሪ ካለ ምስጢሩ የእሱ ነው፤ ማንም ውጣ ተናገር ሊለው አይገባም። እናንተ እኮ መነሻ የሚሆን ታሪክ አላጣችሁም። በር ላይ ቆሎ የሚሸጡት እናት ልጆቻቸውን እንዴት ያስተምራሉ? የጥበቃው አባባ ሌሊቱን ምን እያሰቡ ያነጋሉ? የልጆቻቸውን ልጆች የሚያሳድጉ አያት በሰፈራችሁ የሉም?

ሦስተኛ፣ አፋችሁን ዝጉ። ሳትቀየሙኝ! ጠያቂ ሲበዛ የሚያወራው ራሱ ነው። "ኑሮ ከባድ ነው አይደል?" ብላችሁ ብትጠይቁ "አዎ" ይሏችኋል፤ አለቀ። "ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ ቀኑ እንዴት ዋለ?" ብትሉ ግን አንድ ሕይወት ይዘረገፍላችኋል። ሰው ዝም ሲል እናንተም ዝም በሉ። በሥራዬ እንዳየሁት ዋናው ነገር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚነግሯችሁ እናንተ መስማት ትፈልጋላችሁ ብለው የገመቱትን ነው።

አራተኛ፣ መቅረጫውን ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት አስጠጉት። ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ ብትቀመጡ የምትሰሙት የወንበር ጩኸት ነው። የቤቱን ድምፅ ደግሞ ለብቻው ቅረጹት። የሙቀጫው ምት፣ የዶሮዎቹ ጫጫታ፣ ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብ አድማጩን ቤት ድረስ ይዘውት ይገባሉ።

አምስተኛ፣ አትጨምሩ። ታሪኩ ደረቅ ከመሰላችሁ ደጋግማችሁ አዳምጡት እንጂ የሌለ አታክሉበት፤ የሐዘን ሙዚቃም አትጫኑበት። ስትቆርጡም ትርጉሙ እንዳይዛባ ተጠንቀቁ። የቴምቢ ዝግጅት ከ50 ሰዓት ውስጥ ነው የተመረጠው። መቁረጥ ማለት ሰውየውን ሌላ ሰው ማድረግ ማለት አይደለም።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ከዝግጅቱ በኋላ ባለ ታሪኩን አትርሱት። ታሪኩን ወስዶ መጥፋት ከሌብነት አይተናነስም። ሰው ምን እንዳላቸው፣ እንዴት እንደከረሙ ሄዳችሁ ጠይቁ። ችግር ከገጠማቸው ለመምህራችሁ ወይም ለአማካሪ ንገሩ። ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ብቻችሁን አትሸከሙ።

ውድ ተማሪዎች፤

"የሰማ ላልሰማ ያሰማ" ይባላል። እኔ ግን ዛሬ ከዚህ ቀድሞ የሚመጣውን ልጨምርበት። ከማሰማቱ በፊት ሰሚው በደንብ ይስማ፤ ሰምቶም "ላሰማ ወይ?" ብሎ ባለቤቱን ይጠይቅ።

ቴምቢ ከሞተች ዓመታት ተቆጥረዋል። ድምፅዋን ግን ዛሬም የፈለገ ሰው ሊሰማው ይችላል። አንድ ልጅ መስታወት ይዛ፣ ሳቅ እያላት፣ ያልተጋበዘውን እንግዳ ስትገሥጸው ይሰማታል። ይህ የሆነው ማንም ስላስገደዳት አይደለም። መቅረጫውን ራሷ ይዛለች፣ መቼ እንደሚበራ ራሷ ወስናለች፣ ለማን እንደምትናገርም ራሷ መርጣለች።

በሚቀጥለው ወር የሚኒ ሚዲያችሁን ድምፅ ማጉያ ስትከፍቱ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንደምታሰሙን ተስፋ አደርጋለሁ። ባለ ታሪኩ ደግሞ እዚሁ ግቢ ቆሞ፣ አንገቱን ሳይደፋ፣ ከእኛ ጋር አብሮ ሲያዳምጥ ማየት እፈልጋለሁ። ያ ከሆነ ሥራችሁ ሰምሯል ማለት ነው።